ዕዳ ሲሸጋሸግ የምክር ቤቱ ድርሻ የቱ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ከአበዳሪ አገሮች ጋር በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ተስማማች ተብሏል። ይህ ሁሉ ተሰረዘልን ማለት ነው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትስ ውሉን ማሻሻል ይችላል?

መልስ፦ አልተሰረዘም። 8.4 ቢሊዮኑ አከፋፈሉ እንዲለወጥ ስምምነት የተደረሰበት የዕዳ መጠን ነው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ፣ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር በመርህ ደረጃ የተደረሰው ስምምነት እስከ እ.ኤ.አ. 2028 የሚያስገኘው የክፍያ እፎይታ ግን ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሰው የሚደናገረው ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀላቀሉበት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድም የጋራ ማዕቀፍ እንጂ የመጨረሻው ውል አይደለም፤ ዝርዝሩ የሚቋጨው ከየአገሩ ጋር ለየብቻ በሚፈረም ስምምነት ነው።

አስፈጻሚው የተዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(12) ለምክር ቤቱ ተሰጥቷል። በተግባር ግን ውሉን ማሻሻል አይቻልም። ሌላው ወገን ስለፈረመ፣ አንድ አንቀጽ ከተነካ ድርድሩ እንደገና ይከፈታል። የሚቀረው ማጽደቅ ወይም አለማጽደቅ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት፣ በቋሚ ኮሚቴው ውስጥ ያልቃል። ማጽደቂያ አዋጁ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ስለሆነ እሱን አይቶ እጅ ማውጣት አይበቃም፤ ውሉ ራሱ ይነበብ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው በእፎይታው ዘመን ወለዱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር 3 በመቶ ወለድ እየታሰበበት፣ ወለዱም በየዓመቱ ከዋናው ብድር ጋር እየተደመረ 5 ዓመት ቢቆይ፣ ክፍያው ሲጀመር ዕዳው ወደ 116 ሚሊዮን ደርሷል። የመዘግየት ቅጣቱም፣ ለሌሎች አበዳሪዎች የተሻለ መክፈልን የሚከለክለው አንቀጽም እንዲሁ ይፈተሽ።

በእኛ እምነት ግን ትልቁ ቁጥጥር ብድሩ ሲገባ የሚደረገው ነው። የሞዛምቢክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ፓርላማው ሳያውቅ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ብድር ዋስ ሆነ። ጉዳዩ በ2016 ሲጋለጥ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ድጋፉን አቋረጠ፣ አገሪቱም ዕዳዋን መክፈል አቃታት። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ በ2019 እና በ2020 ዋስትናዎቹን ውድቅ አደረገ። ያም ሆኖ ከእነዚህ ብድሮች የአንዱ ዕዳ አስቀድሞ ወደ ቦንድ ተቀይሮ በገበያ ተሸጦ ስለነበር፣ መንግሥት በ2019 ከቦንድ ባለቤቶች ጋር ተደራድሮ በአዲስ ቦንድ ተክቶ መክፈሉን ቀጠለ።