ሽፍታው ካልበላችው ምግብም ሊመጣ ይችላል

እህቴ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ14 ወር ልጅ፣ ችፌ ስላለባት ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ አቁመሽ የሩዝ ወተት ጀመርሽላት፣ ጉንጯ ትንሽ ሻል ካለ በኋላ አሁን ደግሞ በአፏ ዙሪያና ፓምፐርስ የሚነካው ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት ሽፍታ ወጣባት፣ «ሽሮና ምስርም ላቁምባት ወይ?» ነው ያልሽው። እኔን ስሚኝና አታቁሚ። ሐኪም ሳያያት ሌላ አንድም ምግብ እንዳትቀንሺባት። ከላይ የመለሱልሽ እናቶች አንዷ ግሉተን ነው አንዷ ቲማቲም ነው አንዷ ሽንብራ ነው ይላሉ፣ ማንም ግን «ለመሆኑ ምን እየበላች ነው?» ብሎ አልጠየቀሽም። እኔም ይሄን ጥያቄ የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ስለሆነ ነው ረጅም የምጽፍልሽ፣ ልጆቹ ተኝተው በስልክ ነው የምጽፈው ፊደል ብስት እለፉኝ።

የኔ ልጅ ሜሪላንድ ነው የተወለደው፣ አሁን 6 ዓመቱ ነው። በ3 ወሩ ጉንጩ ቀላ፣ ቀስ እያለ ወደ እጅና እግሩ ወረደ፣ ሌሊት ሲያክ አድሮ ጠዋት አንሶላው ላይ ደም እናገኛለን። እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ቆዳው ስለደረቀ ነው ብላ ለጋ ቅቤ አናቱንም ፊቱንም ትቀባዋለች። በቀባችው ቁጥር ይብስ ይቀላል፣ እኛ ቤቱ ሞቆት ነው እንላለን። ኋላ የአለርጂ ሐኪሟ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ፣ ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ቀስ ብሎ ይለምደዋል፣ በተሰነጣጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ግን እንደ ጠላት ሊይዘው ይችላል። ችፌ ያለበት ልጅ ላይ ቅቤም የለውዝ ዘይትም መቀባት ጥሩ አይደለም። ይሄን ለእማዬ ስነግራት «አንቺን በምን ያሳደግኩሽ መሰለሽ» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ልክ ነሽ አልኳት፣ እኔ ግን ችፌ አልነበረብኝም።

በ9 ወሩ የደም ምርመራ ተደረገለት፣ ወረቀቱ ሲመጣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ምስር፣ ሽንብራ ሁሉም ፖዘቲቭ። ያየው ሰው በስልክ «እነዚህን አስወግዱ» ብሎ ዘጋው፣ በቃ። እኔ ደግሞ ምን የመሰልኩ ታዛዥ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ከቤት አወጣሁ። እዚህ ጋ አስምሪበት፣ የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ሰውነቱ ያን ምግብ ያውቀዋል ማለት ነው እንጂ ሲበላው ይታመማል ማለት አይደለም። ችፌ ያለባቸው ልጆች ደግሞ ሲመረመሩ ብዙ ነገር ፖዘቲቭ ይወጣባቸዋል። መካከለኛና ከባድ ችፌ ካለባቸው ልጆች የእውነት የምግብ አለርጂ ያለበት ከሦስቱ አንዱ ያህል ነው። የኔ ልጅ በኋላ በደንብ ሲታይ እውነተኞቹ ወተትና እንቁላል ብቻ ነበሩ። ምስሩንም ስንዴውንም በከንቱ ነው የከለከልኩት።

እኔ ሥራ ጀምሬ ጡቴ ደርቆ ነበርና ከዛ በኋላ የሚበላው ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሙዝ፣ የጤፍ አጥሚት፣ የሚጠጣው የሩዝ ወተት። ካርቶኑ ላይ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተጨምሯል ይላል እኮ፣ ወተት የሚል ስምም አለው፣ ምን ልጠርጥር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆዳው ጠራ፣ «ይኸው አለርጂ ነበር» ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ (በዛው ሳምንት አዲስ ቅባትና ስቴሮይድ ክሬም መጀመራችንን ረስቼ)። በ13 ወሩ ገደማ በአፉ ዙሪያ ቀይ ነገር ወጣ፣ ዳሩ ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስል፣ ከዛ መቀመጫው፣ ከዛ የእጁ ጣቶች ጫፍ። አንዱ ፈንገስ ነው ብሎ ክሬም ሰጠን፣ ምንም። እኔ ሙዙን ጠረጠርኩና አቆምኩ። ቀጥዬ ጤፉን አቆምኩ፣ አስቢው ሐበሻ ሆኜ ጤፍ! ፀጉሩ ሳሳ፣ ተቅማጥ መጣ፣ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። እግሩ ሞላ ሲል ደግሞ ወፈረልን ብለን ደስ አለን፣ ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁላት፣ አሁን ያን ፎቶ ማየት አልችልም። ኪሎው ከሦስት ወር በፊት የነበረው ላይ ነው የቆመው።

በመጨረሻ ያየችው የቆዳ ሐኪም ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ «ምን ምን ይበላል?» አለችኝ። ስቆጥርላት የአንድ እጄ ጣቶች እንኳ አልሞሉም። እግሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፣ የተጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ውፍረት አልነበረም፣ እብጠት ነው። ደሙ ሲታይ ዚንክ የሚባለው ማዕድንም ፕሮቲኑም ወርዶ ተገኘ። ልጄ ኩዋሺኦርኮር ነበረበት፣ ፕሮቲን ሲጎድል የሚመጣው የምግብ እጥረት በሽታ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፍሪጁ ሞልቶ። እኔ ይሄን ቃል የማውቀው ከድርቅ ዜና ነው፣ አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም አለችኝ፣ እዚሁ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በሩዝ ወተት ያደገ ልጅ እንደዚሁ ሆኖ ተገኝቶ በ2001 ሐኪሞች ጽፈውታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ አንድ ኩባያ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ የሩዙ 1 ግራም ገደማ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሩዝ ውስጥ ባለው አርሴኒክ ምክንያት የሩዝ መጠጥ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ ነው የሚሉት። ኩዋሺኦርኮር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከጋና ነው፣ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የወረደ ልጅ የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው፣ የኔን ደግሞ ከሁሉም ያወረደው አንድ ወረቀት ነው።

ሆስፒታል አስተኙት፣ ምግቡን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ በልዩ ፎርሙላ ጀመሩለት፣ ዚንክ ሰጡት። አፉ ዙሪያ ያለው በሳምንቱ ደረቀና ጠፋ። ስንት ክሬም የጨረስንበት ሽፍታ! ግን አንቺ ዚንክ ከሱቅ ገዝተሽ እንዳትጀምሪላት፣ አገር ቤት ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው በልክና ለተወሰነ ቀን ነው፣ በዘፈቀደ ሲበዛ መዳብ ያሳጣል፣ መጀመሪያ ደሟ ይታይ።

አሁን የሽፍታውን ቦታ ልብ ብለሽ እይ። ችፌ በዚህ ዕድሜ ጉንጭ ላይ፣ ክርንና ጉልበት ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ወደ እጥፋቱ ይሄዳል፣ ደረቅ ነው ያሳክካል፣ ፓምፐርስ ስር ያለውን ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ አይነካውም ምክንያቱም እዛ እርጥብ ነው። የምግብ አለርጂ ሽፍታ ከበላች በደቂቃዎች ውስጥ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው ብቅ የሚለው፣ ቢንቢ የነከሳት ይመስል ያብጣል፣ ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ ብዙውን ጊዜ በቀኑ ይጠፋል። ቲማቲም ወይ ሎሚ ወይ በርበሬ ያለበት ወጥ ከበላች በኋላ አፏ ዙሪያ ብቻ ቀልቶ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቆዳዋን አቃጥሏት ነው፣ ከመብላቷ በፊት ቫዝሊን ቀቢያት። አፍ ዙሪያ፣ መቀመጫና ጣቶች ላይ አብሮ ወጥቶ ቀን ከቀን የማይጠፋ፣ ዳሩ የሚለይ፣ የሚላላጥ ሲሆን ግን የጎደለ ነገር አለ ብለሽ ጠርጥሪ። ያንቺ አገላለጽ ወደዚህ ስለሚመስል ነው የደነገጥኩት። ላይሆንም ይችላል፣ ፎቶ አይቼ አልፈርድም።

እስክትታይ ድረስ ሽሮውንም ምስሩንም ቀጥይላት፣ ከሩዝ ወተቱ በላይ ፕሮቲን የምታገኘው ከዛ ነው። ስጋ ከበላች በደንብ የተፈጨ ስጋ ስጫት፣ ዚንኩ እዛ ነው ያለው። ጥራጥሬ ውስጥም ዚንክ አለ ግን ሰውነት እንዳይወስደው የሚይዝ ነገር አብሮት አለ፣ ሊጡ ሲቦካ ያ ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሳይቦካ ከሚሠራ አጥሚት በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ስንዴው እውነትም የማይስማማት ከሆነ ግን የምትገዢውን እንጀራ ጠይቂ፣ እዚህ አገር ብዙው ገብስ ወይ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፣ ሻጯን «ጤፍ ብቻ ነው?» ብለሽ ዓይኗን እያየሽ ጠይቂያት።

የፍየል ወተት ስጫት ያለችሽ እህት በቅንነት ነው፣ እማዬም ብላኝ ነበር። ግን የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ልጆች ከአስሩ ዘጠኙ ለፍየሉም አለርጂ ናቸው፣ ፕሮቲኑ ይመሳሰላል። ሐኪሟን ስለ ልዩ ፎርሙላ ጠይቂያት፣ የወተቱ ፕሮቲን ተሰባብሮ የተሠራ አለ፣ ለሱም አለርጂ ለሆነ ልጅ ደግሞ ከዛ የባሰ የተፈጨ። ዋጋው አናት ያዞራል። ቨርጂኒያ ነኝ ስላልሽ ዊክ (ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም) ካለሽ ሐኪሟ ፎርም ሞልታ ስትልክ ሊሸፍኑልሽ ይችላሉ፣ እኔ ሁለት ወር ከኪሴ ከከፈልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። አኩሪ አተር የምትችል ከሆነች ቫይታሚን የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ከሩዙ በጣም ይሻላል። የምግብ ባለሙያ ሪፈራልም ጠይቂ፣ ሳትጠይቂ አይሰጡሽም።

በነገራችን ላይ እኛ ሐበሾች አንድ ዕድል አለን፣ ጾም። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ እኮ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ሰው ቤት ስንሄድ ሁዳዴ ከሆነ ሰላም ነኝ፣ ልጄን ዓመቱን ሙሉ ጿሚ እያልን እንቀልድበታለን። ብቻ ጾም ላይ ሰሊጥ፣ ለውዝና ኑግ ይበዛልና በዛ በኩል አለርጂ ላለበት አይሆንም።

ያቆምሻቸውን ምግቦች ደግሞ ይሄን አንብበሽ ዛሬ ማታ መልሰሽ እንዳትሰጫት አደራ። ችፌ ያለበት ልጅ አንድ ምግብ ለወራት ካቆመ በኋላ ሲመለስለት ከበፊቱ የባሰ ሊያስነሳበት ይችላል፣ እኛ እንቁላልን የሞከርነው ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብለን ነው፣ ኬክ ውስጥ በተጋገረው ጀምረን። ከንፈሯ ወይ ፊቷ ካበጠ፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ትንፋሿ ካፏጨ ኮሜንት አትጻፊ 911 ደውይ። ሽፍታው ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ ወይ ከትኩሳት ጋር የሚያማት ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ በዕለቱ ትታይ።

አሁን ካልሲዋን አውልቂና እግሯን ጫን አድርገሽ እይ፣ ጎድጉዶ ከቀረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ኢመርጀንሲ ውሰጃት። ካልጎደጎደም ጠዋት ክሊኒክ ደውይ፣ የሦስት ቀን የበላችውን የጠጣችውን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ፣ የመጨረሻ ሁለት ሚዛኗንም ጨምሪ። ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ካሉሽ «ሽፍታ አለባት» ብቻ አትበያቸው፣ ለሽፍታ ማንም አይቸኩልም። «ምግብ የተከለከለች ልጅ ናት፣ አፏና መቀመጫዋ ላይ ሽፍታ ወጥቷል፣ ኪሎዋ ይቁም ይጨምር አላውቅም» በያቸው፣ እኔ እንደዛ ስል ነው በማግስቱ የተቀበሉኝ።