ጥያቄና መልስ፦ ቫሪኮሲል፣ ኦፕራሲዮንና ልጅ መውለድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በዩሮሎጂ (የሽንት ቱቦና የወንድ መራቢያ አካላት) ቀዶ ሕክምና የምሠራ ሐኪም ነኝ። ዛሬ ማታ ስለ ቫሪኮሲል፣ ማለትም በዘር ፍሬ ላይ ስለሚያብጡ ደም መላሽ ሥሮች ጠይቁኝ።

የታቦር ልጅ፦ ዶክተር፣ ከተጋባን 3 ዓመታችን ነው፣ አልወለድንም። በግራ በኩል ቫሪኮሲል አለብህ ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ልሁን?

መልስ፦ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ስንት ጊዜ አደረግህ? አንዴ ከሆነ ቢላዋው ይቆይ። ቢያንስ 2 ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት ይደረግ። ከዚያ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቀብ። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ይታይ። አንድ ወንድማችን ከሻሸመኔ በፌስታል ይዞ፣ መንገድ ዘግቶበት ዘግይቶ ደረሰ። «ስፐርሞቹ (የዘር ሴሎቹ) አይንቀሳቀሱም» ተባለና ፊቱ አመድ መሰለ። በሌላ ቀን እዚሁ ሲሰጥ ብዙዎቹ ሲዋኙ አየናቸው።

ኦፕራሲዮን የምንመክረው እብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ፣ የፈሳሹም ውጤት ሲዛባ ነው። በአልትራሳውንድ ብቻ የታየ አይነካም። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ቫሪኮሲል አለባቸው፤ አብዛኞቹ ወልደው ስመዋል።

አንድ አባል፦ ለምን በግራ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ! የቀኙ ሥር በቀጥታ ወደ ትልቁ ደም መላሽ ይገባል። የግራው ግን ረጅም ነው፤ ወጥቶ ከኩላሊቱ ደም መላሽ ሥር ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይጋጠማል። ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ሥሩ ይወጠራል፣ ፍሬው ይሞቃል። የዘር ፍሬ ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። በቀኝ ብቻ ድንገት ካበጠ ሆድም በአልትራሳውንድ ይታይ።

ባለ ባጃጅ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ እንደየቦታው ነው። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ መሆኑን መጀመሪያ ጠይቅ። አርተሪው (ደም ወሳጁ ሥር) እና የሊምፍ ቱቦው (የሰውነት ፈሳሽ መላሹ) ሳይጎዱ የሚተርፉት፣ እብጠቱም እምብዛም የማይመለሰው ያኔ ነው።

ሌላ አባል፦ ጥቁር አዝሙድ በማር እኮ ያድናል፣ አጎቴ ወልዷል።

የታቦር ልጅ፦ አጎትህ ቫሪኮሲል ነበረበት?

ሌላ አባል፦ እሱን አላውቅም። ጂም ውስጥ ግን ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ይሻላል ይላሉ።

መልስ፦ እባካችሁ! ማሩን ብሉት፣ የወጠረ ሥር ግን አይፈታም። ቴስቶስትሮን መርፌ የስፐርም ምርትን ያቆማል። ደግሜ እላለሁ፣ ልጅ የሚፈልግ ሰው አይወጋ።

አዲስ ገቢ፦ ዶክተር እኔም አለብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜ የለም፣ ውጤት የለም፣ ምን ልበልህ? የላይኛውን አንብብ። 2 ጊዜ ምርመራ!

ባለ ባጃጅ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ መቼ ይታወቃል?

መልስ፦ ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ወደ 3 ወር ይፈጃል። በ3ኛውና በ6ኛው ወር ተመርመር። ብዙዎች ውጤታቸው ይሻሻላል፤ እርግዝና ግን ዋስትና የለውም።

አንዲት እህት፦ ባለቤቴ አልመረመርም ብሏል። እኔ 4 ጊዜ ተመርምሬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ 5ኛ አትመርመሪ። ይህ ሁልጊዜ ያመኛል። ችግሩ ከወንዱም በኩል በጣም ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ መካን የምትባለው ግን ሴቷ ናት። የእሱ ምርመራ መርፌ እንኳ የለውም፣ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ናት። ቀጠሮውን ለሁለታችሁ ያዢና አብራችሁ ኑ።