የላሜራው በር ፈተና፦ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚያውቀው ካራክተር ማነው?

ሰላም ወንድሜ። ለመሥሪያ ቤታችሁ የጥያቄና መልስ ምሽት በስዕል የሚጠየቁ የጌም ካራክተሮች ፈልገህ «ጌም ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ የሚያውቁት የትኞቹን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የተሰጠህን መልስ አየሁት። ክሬቶስ (የጎድ ኦፍ ዋሩ)፣ ማስተር ቺፍ (የሄሎው)፣ ምናምን። እነዚህን የጻፉልህ ልጆች ጌም አዋቂዎች ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። አንተ የጠየቅከው ሒሳብ ክፍል ስላሉት እትዬ ነው፣ እነሱ የነገሩህ ስለ ራሳቸው ነው።

እኔ ሳሪስ ውስጥ ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. ጌም ቤት ነበረኝ። (የራሴን ዓመት በእኛ፣ የጌሞቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳትደናገር።) አራት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ አራት ወፍራም ቲቪ፣ ውጭ ደግሞ አንድ ጆተኒ። ስከፍት አንድ ታፔላ የሚጽፍ የሰፈር ልጅ የላሜራ በሩን ሙሉ ካራክተር ሳለልኝ። ከሲዲ ሽፋንና ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ካስደረግነው ፎቶ እያየ ነው የሳለው። ማሪዮ፣ ሶኒክ፣ ላራ ክሮፍት፣ ስኮርፒዮን፣ ሲጄ፣ ፒካቹ። ቢጫ ቀለም ሲተርፈው ደግሞ ጥግ ላይ አንድ ፓክማን ጨመረበት። እኔ ለውበት ብዬ ነበር፣ ግን በሩ ሰባት ዓመት ሙሉ ፈተና ሆነ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ ደግሞ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ፣ ውጭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ መስማት ነው ሥራዬ።

አንደኛው ማሪዮ ነው፣ ክርክር የለውም። ከቤቴ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፉ ስልሳ ያለፋቸው ጋሼ ነበሩ። ጆይስቲክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። የማሪዮ ቀለም ገና ሳይደርቅ መጥተው «ይሄ ማሪዮ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ለካ እህታቸው ድሮ ከጅዳ ስትመጣ ለልጆቻቸው የካሴት ጌም አምጥታላቸው ነበር። ያን ጊዜ ያለፈበት ያውቀዋል፤ ካሴቱ ላይ 9999 ጌም ይላል፣ ስትከፍተው ግን ያው አምስት ስድስት ጌም ስሙን እየቀያየረ ነው የሚመጣው። ታንኩ፣ ኮንትራ፣ በሽጉጥ የሚመታው ዳክዬ፣ ማሪዮ። ቤት ውስጥ ያለው ቲቪ አንድ ነው። ልጅ ሲጫወት አባት ዜና እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ያያል፣ እናት ቡና እየቆላች ታያለች። ጋሼ ማሪዮን ያወቁት ተጫውተው ሳይሆን ዜና ሲጠብቁ ነው። ብዙ ወላጅ እንደዚያ ነው ያወቀው።

ደግሞ ሰውየው ሲሠራም ከሩቅ እንዲለይ ተደርጎ ነው የተሠራው። መጀመሪያ የወጣው በ1981 ዶንኪ ኮንግ ላይ ነው፣ ያኔ ማሪዮ እንኳ አልተባለም ነበር። የፈጠረው ሺገሩ ሚያሞቶ ነው፣ የጃፓኑ ጌም ኩባንያ የኒንቴንዶ ሰው፤ ለመሳያ የነበረው ቦታ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። አፍ መሳል ስለማይቻል ጺም አደረገለት። ፀጉር ሲሮጥ መንቀሳቀሱን መሳል ስለሚያስቸግር ኮፍያ አለበሰው። እጁ ከሰውነቱ እንዲለይ ቱታ አጠለቀለት። ስሙ ደግሞ ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ መጋዘን ከተከራየው ሰውዬ፣ ከማሪዮ ሴጋሊ የተወሰደ ነው። (የቤት ኪራይ የሚጠይቅህ ሰው ስም በዓለም የታወቀ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል! የእኔን አከራይ ስም በሩ ላይ ብጽፈው ኖሮ ኪራይ ይቀንስልኝ ይሆን እያልኩ ስቄያለሁ።) በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ቀይ ኮፍያ አድርገው ከቧንቧ ውስጥ ሲወጡ ትዝ ይልሃል? ያን ሁሉ አገር ሰብስበህ አንድ ኮፍያ ብቻ አሳይተህ «ማን ነው» ሳትል መሳቅ የሚቻለው በማሪዮ ነው። በ2023 የወጣው ፊልሙም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ጌም ተጫዋች ብቻ ገብቶ እንደዚያ አይሞላም።

ፓክማን የገረመኝ ነው። ስሙን የሚያውቅ አላፊ አግዳሚ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ቅርጹን ግን ሁሉም ያየዋል። ጎረቤታችን አንዲት እናት «ያ የተቆረሰ ድፎ ያለበት ቤት» እያሉ ነበር ለሰው አቅጣጫ የሚናገሩት። ሙት እልሃለሁ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ የሠራው ቶሩ ኢዋታኒ ሐሳቡ የመጣልኝ አንድ ቁራጭ የተነሳለት ፒዛ ሳይ ነው ሲል ተናግሯል። ጌሙ የወጣው በ1980 ነው። ስለዚህ የአንተ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ካሉ፣ በተለይ ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ፣ «ያ በልቶ በልቶ የሚሄደው» ማለታቸው አይቀርም። ስም ካልጠየቅካቸው ያውቁታል። ስም ከጠየቅካቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማወቅ ማለት ስም መጥራት ነው ብለህ ከያዝከው ዝርዝርህ ሌላ ይሆናል። «አይቼዋለሁ፣ የጌም ነው» ማለት ከበቃህ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን ወስን።

ሶኒክን በል። ልጆቹ በሙሉ ያውቁታል። ትልልቆቹ «ሰማያዊው» ይሉታል፣ ከዚያ ድመት ነው ቀበሮ ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ጃርት ነው ስላቸው አያምኑኝም ነበር፣ የትኛው ጃርት ነው ሰማያዊ የሆነው እያሉ። ሴጋ የሚባለው ሌላው የጃፓን ጌም ኩባንያ በ1991 ያወጣው ነው፣ ማሪዮን እንዲገዳደር። የሶኒክ ጌም እኔ ቤት ብዙም ተጫዋች አልነበረውም፣ ያም ሆኖ ከቦንዳ በተገዛ ቲሸርት ላይ ለብሰውት የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ፊቱ ምን ያህል እንደሚታወቅ የገባኝ ግን ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ነው። በ2019 የፊልሙ ማስታወቂያ ሲወጣ የሰው ጥርስ የመሰለ ጥርስ ሰጥተውት ነበር፣ ዓይኑም ትንንሽ። ሰው ተቆጣ፣ ሠሪዎቹም ፊቱን እንደ አዲስ ሠርተው ፊልሙ በ2020 ወጣ። ሰው የማያውቀውን ፊት ተበላሸ አይልም።

ፒካቹ ሦስት ውስጥ ይገባል፣ እንዲያውም ዕድሜው ከ35 በታች የሆነውን ብቻ ብትጠይቅ ማሪዮን ሊቀድመው ይችላል። ግን ሚስጥሩ ጌሙ አይደለም። ጌሙ ጃፓን ውስጥ በ1996 ወጣ፣ ካርቱኑ በ1997 ጀመረ፣ ዓለምን የዞረው ካርቱኑ ነው። እኔ ቤት የሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ፒካቹ ከጌም እንደመጣ አያውቁም ነበር፣ «ይሄ ካርቱን ነው፣ ለምን እዚህ ሳልከው?» ብለው ሰዓሊውን ይጨቀጭቁት ነበር። ስሙንም «ፖክሞን» ነው የሚሉት። ዜልዳ የሚባለው ጌም ላይ ያለውን ጀግና ሊንክን ዜልዳ እንደሚሉት ማለት ነው፣ ዜልዳ ልዕልቲቱ ሆና ሳለ አረንጓዴ የለበሰው ልጅ ስሟን ወረሰ። ለጥያቄህ ስትል «ፖክሞን» ላለህ ሰው ግማሽ ነጥብ ስጥ፣ አለበለዚያ አዳራሹ ውስጥ ጸብ ይነሳል።

ላራ ክሮፍት ላይ ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። የፊልምና የጌም ሽልማት የሚሰጠው የእንግሊዙ ባፍታ በ2024 ባካሄደው የሕዝብ ድምፅ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፣ ማሪዮ ሁለተኛ ነው። እዚህም አንዱ እሱን ጠቅሶልሃል። ግን ሦስተኛ ማን እንደወጣ ተመልከት፦ የሂትማን ጌሙ ኤጀንት 47፣ ማጅራቱ ላይ ባርኮድ ያለበት ራሰ በራው ገዳይ። እሱን ለሒሳብ ክፍሏ እትዬ አሳያቸውና «የየትኛው ክፍል ሠራተኛ ነው?» ካላሉህ እኔ ነኝ። እዚያ የመረጡት ተጫዋቾች ናቸው፣ ጥያቄውም ማን ይታወቃል ሳይሆን ማን ምልክት ሆነ የሚል ነው። የላራ ነገር በእኔ በር ላይ እንዲህ ነበር፦ ከአሥር ሴት ሰባቷ «አንጀሊና ጆሊ» ትላለች። እሷ የሠራችበት የላራ ፊልም፣ ቶምብ ሬይደር፣ የወጣው በ2001 ነው፣ ቪዲዮ ቤቱ ሁሉ ነበረው። ሁለቱ ሽጉጥና የተጎነጎነው ፀጉር ይታወቃል፣ ስሙ ግን የተዋናይቷ ሆኗል። ጌሙ ራሱ በ1996 ነው የወጣው፣ ደርቢ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ የተሠራ፤ ከተማዋ በስሟ መንገድ እስከመሰየም ደርሳለች።

የሞርታል ኮምባቱን ስኮርፒዮንን ሁሉም «ኒንጃ» ብሎ ያልፋል። ዝለለው።

አሁን ወደ ልቤ ሰው ልምጣ፦ ሲጄ። ወንድሜ፣ በእኔ ቤት ውስጥ ማሪዮ ምንም ነው፣ ንጉሡ ሲጄ ነበር። በ2004 ከወጣው ከጂቲኤ ሳን አንድሪያስ። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ አር ቱ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ» ብሎ የመሣሪያ ኮድ ጽፎ ይመጣል። የማባዛት ሠንጠረዥ አያውቅም፣ ይሄን በቃሉ ነው። ሚሽን የሚሠራ አልነበረም፣ ሁሉም መኪና መቀማትና ከፖሊስ መሮጥ ነው፣ ከዚያ ወላጅ መጥቶ በጆሮው ይዞ ያወጣዋል። በዚያ ዘመን ጌም ቤት የዋለ ወንድ በሙሉ ሲጄን ከጀርባው እንኳ አይቶ ያውቀዋል። ነጭ ካናቴራ፣ ሰማያዊ ጂንስ፣ በቃ። እናቶቹ ግን «ያ ዱርዬ» ከማለት አያልፉም። የጌም ቤት ዝና እንደዚህ ነው፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ወደ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ ሲጄን አስገባ፣ ግን ከ25 እስከ 40 ያሉ ወንዶች ብቻ እንደሚጮሁልህ አውቀህ። የድብድብ ጌሙ የቴከን ኤዲም እንደዚያው ነው፣ ያ እየጨፈረ በእግሩ የሚማታው። ጌም የማይችል ሁሉ እሱን ይመርጥና ቁልፉን ዝም ብሎ እየደበደበ ያሸንፍሃል፣ ስንት ጆይስቲክ አጥፍቶብኛል መሰለህ።

ሳልረሳው፦ ገቢዬ በአብዛኛው ከኳስ ጌም ነበር፣ እዚያ ደግሞ ካራክተር የሚባል የለም። ወይም አለ፣ አድሪያኖ ይባላል። ፔስ 6 የሚባለውን የኳስ ጌም የተጫወተ የኢንተሩን አድሪያኖ ግራ እግር አይረሳም፣ ከመሃል ሜዳ ይመታና ይገባል። በእውነተኛው ሜዳ አይተውት የማያውቁ ልጆች አድሪያኖ የጌም ፈጠራ ይመስላቸው ነበር። «ሰው ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር።

የስልክ ዘመን ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ፣ የእኔም ቤት ተዘጋ። በእናቶች ዘንድ የትኛው ይታወቃል ካልከኝ መልሴ የምታወራዋ ድመት ናት፣ ቶኪንግ ቶም። (ወንድ ነው፣ ግን እኛ ጋ ሴት ሆኗል።) የስሎቬንያ ሰዎች በ2010 ያወጡት ነው። የምትለውን በቀጭን ድምፅ መልሶ ይልልሃል፣ በዚህም ምክንያት አማርኛ የሚናገር የጌም ካራክተር ቢኖር እሱ ነው። አያቴ «እንደምን አደርክ» ብላው «እንደምን አደርክ» ሲላት ግማሽ ቀን ሰላምታ ሲለዋወጡ ዋሉ። በመጨረሻ «አፈኛ» ብላ ሰደበችው፣ እሱም ሰደባት። ሌላው ባቡር ላይ የሚሮጠው ልጅ ነው፣ የሰብዌይ ሰርፈርስ። በጉግል ፕሌይ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የወረደ የመጀመሪያው ጌም እሱ ነው፣ በ2018። ስሙ ጄክ ይባላል፣ እስኪ በዙሪያህ ጄክ የሚል አንድ ሰው ፈልግልኝ። የተቆጣችውን ቀይ ወፍም (የአንግሪ በርድስን) ጨምርበት፣ ከጌሙ ይልቅ ፊኛና የልጆች ቦርሳ ላይ ነው ሰው የሚያውቃት።

ስለዚህ ለአንተ ምሽት እኔ ብሆን በማሪዮ እጀምራለሁ፣ ማንም ዜሮ ይዞ እንዳይሸማቀቅ። ከዚያ ድመቷ፣ ፒካቹ፣ ሶኒክ፣ ባቡር ላይ የሚሮጠው ልጅ፣ ፓክማን፣ ቀዩ ወፍ፣ ላራ። ሲጄን መሃል ላይ ወርውረው፣ ወንዶቹ ሲጮሁ አዳራሹ ይሞቃል። ክሬቶስን ካላስገባሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ጓደኛ ካለህ ለመጨረሻ አድርገውና በእጥፍ ነጥብ። ፎቶው ላይ ዙሪያውን ቆርጠህ ካራክተሩን ብቻ ተው፣ ጽሑፍ ያለበት ሽፋን አውጥተህ መልሱን እንዳታሳያቸው። ፒካቹን ስታወርድ ደግሞ ጭራውን አስተውል። ብዙ ሰው ጫፉ ጥቁር ይመስለዋል፣ የእኔም ሰዓሊ ጥቁር አድርጎት ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ አላረመኝም። ጥቁር ያለው ጆሮው ጫፍ ላይ ነው። ጭራው ሥሩ ላይ ቡናማ፣ ሌላው ቢጫ ነው።