ሞሪሸስ ወይስ ማዳጋስካር?

ሰሞኑን የውሃ ምህንድስና ያጠና አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሁለት ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ለኑሮ ሞሪሸስ ይሻላል ወይስ ማዳጋስካር?» ብሎ ጻፈልኝ። የሁለቱን አገሮች ደረጃ የሚያሳይ ሰንጠረዥም አያይዟል። ለኑሮ ከሆነ ሞሪሸስ ይሻላል፤ ይሄ አያከራክርም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በፈረንጆቹ 2009 መጀመሪያ፣ የጉድጓድ ውሃ ልናጠና ደቡብ ማዳጋስካር፣ አምቦቮምቤ ነበርን። አገሩ ደረቅ ነው፤ ተቆፍሮ የሚገኘውም ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛዋል። አንዲት እናት በየጉድጓዱ ይዘውን ይዞሩ ነበር። ከተቀዳው ውሃ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱና «ይሄ ለሰው፣ ይሄ ለከብት» ይላሉ። እኛ ደግሞ በመሣሪያችን እንለካለን። የመሣሪያው ቁጥርና የእሳቸው ምላስ ሲለያዩ አላየሁም። የሚጠጡትን ግን በመኪና ከሚመጣው በጀሪካን ይገዙ ነበር፤ ድርቅ ሲጠና ዋጋው ይወጣል፣ ያኔ የከብቱን ለልጅ ይሰጣሉ። የሚቆፈርበትን ቦታ መርጠን ለምልክት ድንጋይ ከመርንበት። እሳቸው ፍየሎች እንዳያፈርሱት ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት።

መጋቢት ላይ ዋና ከተማው አንታናናሪቮ ውስጥ በሠራዊቱ ድጋፍ መንግሥት ተለወጠ። ለጋሾች እርዳታ አቆሙ፣ የእኛም የቁፋሮ ገንዘብ አብሮ ቀረ። እኚያ እናት «ማሽኑ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው በሾፌሩ ላኩብኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቆይቶ ሞሪሸስ ሠራሁ። 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት፤ ማዳጋስካር ከ580,000 ይበልጣል። በ1961 ጄምስ ሚድ የተባለው፣ ኋላ ኖቤል የተሸለመው የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ሕዝቡ በዝቶ በስኳር ብቻ የምትኖር ስለነበረች ተስፋዋን አጨልሞ ጽፎ ነበር። እነሱ ከ1970 ጀምሮ የልብስ ፋብሪካ አስፋፉ፣ ቱሪስት ሳቡ፣ በ1977 ሁለተኛ ደረጃን ነፃ አደረጉ። ኩርፒፕ በምትባለው ከተማቸው አዛውንቶች ያለ ክፍያ አውቶቡስ ተሳፍረው ያለ ክፍያ ሲታከሙ አይቻለሁ። ግን ከአዋቂው አንድ አምስተኛ ያህሉ የስኳር ሕመም አለበት። በነገራችን ላይ፣ በ1987 መንግሥት የራሽኑን የምግብ ዘይት ከፓልም ወደ አኩሪ አተር ቀይሮ የሕዝቡ ኮሌስትሮል ወርዷል። እንዲህ ያለ ሥራ ያስቀናኛል።

የዛሬ ወጣት አገርን በደረጃ ሰንጠረዥ ይመርጣል፤ ትዕግሥትም ያንሰዋል እላለሁ። በመስከረም 2025 የአንታናናሪቮ ወጣቶች ውሃና መብራት ሲጠፋባቸው አደባባይ ሲወጡ ግን አለመታገሣቸው ልክ ነው አልኩ። የአምቦቮምቤዋ እናት ታግሠው ምን አገኙ?

አንተ ግን ልጄ፣ ገና ቤተሰብ የለህም፣ ሙያህም የሚፈለገው ማዳጋስካር ነው። እኔ ብሆን እዚያ እሄዳለሁ። ከመሄድህ በፊት የአገሬውን ቋንቋ፣ ማላጋሲን ጀምር፤ ፈረንሳይኛ ቢሮ ውስጥ እንጂ ጉድጓድ አፍ ላይ አያግባባህም። ውሉን ስትፈርም ደግሞ የቁፋሮው ገንዘብ ተፈቅዶ እጅ የገባ መሆኑን ጠይቅ። ለጥናት ብቻ ከሆነ የምትሄደው፣ ድንጋይ ከመከመርህ በፊት ለመንደሩ ሰው ቁርጡን ንገራቸው።