«ልጄን አስር ቁጥር አጫውት» ብዬ ያጣሁት ሁለት ዓመት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ15 ዓመት ልጅህ እግር ኳስ ላይ አስር ቁጥር (ከአጥቂዎች ጀርባ) ሲጫወት ቆይቶ አሰልጣኙ ወደ ስድስት ቁጥር (ከተከላካዮች ፊት የሚቆም አማካይ) «አወረደው»። «ትክክለኛ ቦታው የቱ ነው? የት ድረስስ ይሄዳል?» ብለሃል። መጨረሻ ላይ የጻፍካት ግን ቁስሌን ነካካችው፤ «አሰልጣኙን ላናግረው እያሰብኩ ነው» የምትለዋ። ተው። ቢያንስ እኔ እንዳናገርኩት አታናግረው።

በቁጥር በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. «አወረደው» አትበል። ልጁም ይሰማሃል። ጣሊያናዊው አማካይ ፒርሎ በወጣትነቱ ከአጥቂዎች ጀርባ ነበር የሚጫወተው። እ.ኤ.አ. በ2001 በውሰት ወደ ብሬሺያ ክለብ ሲሄድ ያ ቦታ የታዋቂው የሮቤርቶ ባጂዮ ነበር። አሰልጣኙ ማዞኔ ወደ ኋላ ሳበውና ከተከላካዮቹ ፊት አቆመው። ኤሲ ሚላን ሲገባ አሰልጣኙ አንቼሎቲም እዚያው አጸናው። የ2006ን የዓለም ዋንጫ ያነሳውም በዚሁ ቦታ እየተጫወተ ነው። ጀርመናዊው ሽዋይንሽታይገርም ለዓመታት የመስመር ተጫዋች ነበር። አሰልጣኙ ቫን ኻል በ2009 ባየርን ሙኒክ ሲመጣ ነው መሃል ሜዳ ላይ የተከለው። ያኔ ሽዋይንሽታይገር 25 ዓመቱ ነው። ያንተ ገና 15።

2. ጎል አትቁጠር። እኔ ደብተር ነበረኝ፣ ሳቅብኝ ከፈለግክ። ቀኑ፣ ተጋጣሚው፣ ስንት አገባ፣ ስንት አቀበለ። ልጄ 14 ዓመቱ ሳለ በአንድ የውድድር ዘመን 11 ጎል አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ስድስት ቁጥር አደረገውና ደብተሩ ባዶ ሆነ። ሁለት ወር ታገስኩ። ከዚያ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሄድኩ። ልምምድ አልቆ ወላጆች ሁሉ በቆሙበት «ልጄን እያባከንከው ነው» አልኩት። ሰውዬው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እስከ ውድድሩ መጨረሻ ስጠኝ» አለኝ። አልሰጠሁትም።

ሌላ ክለብ ወሰድኩት። እዚያ «አስር ቁጥር የሱ ነው» ብለው ቃል ገቡልኝ። በእርግጥም ሰጡት። ማሊያውን ማለቴ ነው፤ ቦታውን አይደለም። ቡድኑ ከኋላ ረጅም ኳስ እየለጋ ሁለት ግዙፍ አጥቂዎችን የሚፈልግ ቡድን ነበር። ኳስ በልጄ አናት ላይ ታልፋለች፣ እሱ አንጋጦ ያያታል። ትንሽ ቆይቶ ያንን 10 ቁጥር ለብሶ ወንበር ማሞቅ ጀመረ። እኔ ቡድኑ እንዴት እንደሚጫወት ሳላይ ነው የፈረምኩት። አንድም ጨዋታ ሄጄ አላየሁም!

በዚህ መሃል አንድ አካዳሚ ለሙከራ ወሰድኩት። ከጠዋት ጀምረን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የት ትጫወታለህ አላለውም። «አባት፣ ሲያድግ ያምጡት» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በቃ። ኳስ ሳይነካ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ልጄ ቃል አልተነፈሰም። ያን ሰውዬ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ልጄ የተወለደው በእድሜ ምድቡ የመጨረሻ ወር ላይ ነው። አብረውት የተሰለፉት አንዳንዶቹ በ11 ወር ይበልጡታል። በዚያ እድሜ 11 ወር ማለት ጢም ያለውና የሌለው ማለት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱ ልጆች በየአካዳሚው የሚበዙት የተሻለ ኳስ ስለሚችሉ አይደለም፤ ቀድመው ስለሚያድጉ ነው። ክሮኤሺያዊውን አማካይ ሞድሪችንም ልጅ ሳለ ትንሽ ነው፣ ደካማ ነው ብለውት ነበር። በ33 ዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎንዶር ወሰደ።

3. በወሬ ተወስጄ ቁጥር ሦስትን ረሳሁት። እሺ፣ እዚህ ላይ ይሁን። ቦታውን ማወቅ ከፈለግክ አንድ ሙሉ ጨዋታ ቅረጸው። ግን ኳሷን አትከተል፣ ልጁን ብቻ ቅረጽ። ኳስ ከመድረሷ በፊት አንገቱን ያዞራል? ግራ ቀኙን አይቶ ሜዳው ከፊቱ ሲሆን የሚያምርበት ልጅ ስድስት ቁጥር ነው። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ፣ ተከላካይ ተለጥፎበት፣ በአንድ ንክኪ የሚዞር ከሆነ አስርነቱ እውነት ነው። ኳስ አቀብሎ የማይቆም፣ ሳጥን ውስጥ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ስምንት ቁጥር አለህ። ሲነጠቅ የሚወስዳቸውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎችም እይ። እጁን ዘርግቶ ዳኛ የሚፈልግ ከሆነ የትም ቦታ ይቸገራል።

የኔውን ስቀርጽ ያየሁት ጉድ ነው። አንገቱ አያርፍም። አሰልጣኙ በሁለት ሳምንት ያየውን እኔ አባቱ በሁለት ዓመት አየሁት።

ያን ቀን ማታ ቪዲዮውን አብረን እያየን «ስድስት ቁጥር ይሻልህ ነበር መሰለኝ» አልኩት። «አባዬ፣ እኔ እኮ ወድጄው ነበር» አለኝ። ክው አልኩ። ሽንጤን ገትሬ ስከራከርለት አንድ ቀን እንኳ እሱን አልጠየቅኩትም ነበር።

ወደ ድሮው አሰልጣኝ ተመለስኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው አላስጨረሰኝም፤ «ጫማ ይዟል?» አለኝ። አሁን ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ስድስትም ስምንትም ይጫወታል። ቋሚ ተሰላፊ ነው። ቁመቱም እኔን አልፎኛል፣ መዝጋቢው ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።

አሰልጣኙን ማናገርህ ካልቀረ «ለምን?» አትበለው። ሰው በሌለበት «ብቻውን ምን ይለማመድ?» በለው። መልስ ካለው አስቦበታል ማለት ነው። ዝም ካለ ግን ያኔ ተጨነቅ።

«የት ድረስ ይሄዳል» ላልከው፣ በ15 ዓመቱ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ ሰው ካገኘህ ሽሽ። ግን አንድ ነገር ሳትጽፍ አልፈሃል፤ የተወለደበትን ወር። እሱን ጻፍልኝ። ቪዲዮውንም ከቀረጽክ ላክልኝ፣ አንገቱን አይልሃለሁ።