ህልም መሆኑን ሳውቅ ለምን እባንናለሁ?

ጥያቄ፦ ህልሜን በፈቃዴ ለመምራት መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሦስት ጊዜ «ይሄ እኮ ህልም ነው!» ብዬ አውቄአለሁ፤ ለመብረር ስነሳ ግን ወዲያው እባንናለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሁለት ወር ሦስት ጊዜ ማወቅህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ከአራት ወር በኋላ ነበር። የሚያባንንህ ደስታው ይመስለኛል። ህልም መሆኑን እንዳወቅህ ቁም። እኔ በህልሙ ውስጥ መዳፎቼን ሙቀት እስኪሰማኝ አፋትጋለሁ፤ ከዚያ አጠገቤ ያለውን ነገር እዳስሳለሁ። አንድ ሌሊት የደረጃ መደገፊያ ብረት ያዝኩ፤ ቅዝቃዜው እጄ ላይ ሲሰማኝ ደብዝዞ የነበረው ህልም ጥርት አለ። አንድ ነገር ላይ ማፍጠጥ ግን ሁልጊዜ ይቀሰቅሰኛል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ዓይን ከሽፋኑ ሥር የሚርገበገብበት፣ ደማቅ ህልም የሚበዛበት እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብም እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ከተኛህ ከ5 ሰዓት በኋላ ተነሥተህ ያለምከውን ጻፍ፤ «ቀጥሎ ሳልም ማለሜን አውቃለሁ» እያልክ ተመልሰህ ተኛ። በሳምንት ከሁለት ሌሊት አታሳልፈው፤ እንቅልፍህን እንዳትጎዳ እሰጋለሁ።

«ተኝቶ ማወቅ የለም» የሚልህ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ አንድ የተኛ ሰው ከህልሙ ውስጥ ሆኖ፣ አስቀድመው በተስማሙበት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ የላከውን ምልክት በመሣሪያ መዝግቧል።

በረራውን ለጊዜው ተወው። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ህልሞችህ ቆመህ ዙሪያህን ብቻ ተመልከት፤ ምን እንዳየህም ጻፍልኝ።