የጸደቀ መድኃኒት በኋላ ለምን ይታገዳል?

ወንድሜ፣ «ተፈትኖ የጸደቀ መድኃኒት በኋላ ከገበያ የሚወጣው ለምንድን ነው? መጀመሪያውኑ በደንብ አልመረመሩትም?» ብለሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይመረመራል፤ ግን ጥናቱ ሁሉን ማየት አይችልም።

መድኃኒቱ ከመጽደቁ በፊት በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ይሞከራል። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች፣ በመጨረሻ ደግሞ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ።

አሁን ሒሳቡን አስበው። ጉዳቱ ከ10,000 ሰው አንዱን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ 3,000 ሰው በተሳተፈበት ጥናት ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሚሊዮኖች ሲወስዱት ግን ብቅ ይላል። ነፍሰ ጡሮችና ብዙ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥናቱ አይካተቱም። ይህ ሁሌም ያሳስበኛል፤ መድኃኒት አብዝተው ከሚወስዱት መካከል እነዚሁ አረጋውያን ናቸውና።

ቫዮክስ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ተመልከት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ጸደቀ። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ሲታወቅ አምራቹ በ2004 ከገበያ አወጣው።

«ጸደቀ» ማለት «ምንም ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም። ለዚያ በሽታ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ማለት ነው። የካንሰር መድኃኒት ፀጉር እያረገፈ፣ እያስታወከም የሚፈቀደው ለዚህ ነው። ለራስ ምታት ግን እንዲህ ያለውን ማንም አያጸድቅም።

የምትወስደው መድኃኒት ካሳሰበህ እባክህ በራስህ አታቋርጠው። አንዳንዱን በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው። ሐኪምህን «ለእኔ ዕድሜና ሕመም ጉዳቱ ምን ያህል ነው?» ብለህ ጠይቀው። የተለየ ነገር ከተሰማህም ሳትውል ሳታድር ንገረው።